ከጎርጎራ ወደ ጣና ለሚወርደው ሰርጓጅ፦ ያላችሁ 2 ሰዓት እንጂ 30 አይደለም

ጥያቄው፦ «አራት ጓደኛሞች ጎንደር ላይ ሁለት ሰው የሚይዝ ትንሽ ሰርጓጅ ለመሥራት ተነሥተናል። ከአሮጌ የነዳጅ ታንከር የተረፈ፣ ወርዱ 1 ሜትር፣ ርዝመቱ 2 ሜትር ተኩል፣ ላሜራው 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ታንክ አግኝተናል። አዘዞ ያለ ብየዳ ቤት ይረዳናል። መጀመሪያ ከጎርጎራ ራሳችን እንወርድበታለን፤ ኋላ ጎብኚ እናስገባበታለን። ጣና ጥልቀቱ ከ14 ሜትር ብዙም ስለማይዘል የታይታን ሰርጓጅ ዓይነት የመጨፍለቅ አደጋ አያሰጋንም ብለናል። 10 ሊትር የብየዳ ኦክሲጅን ብንይዝ ለሁለት ሰው 30 ሰዓት ይበቃል። ከታች ብንያዝ ክዳኑን ከፍተን በዋና እንወጣለን። የዘነጋነው ነገር አለ? ብንያዝስ ስንት ሰዓት እንቆያለን?»

በዚህ ዕቅድ ከታች ብትያዙ አእምሯችሁ በቅጡ የሚሠራበት ጊዜ 2 ሰዓት አይሞላም፤ ከደነገጣችሁ ከዚያም ያጥራል። ክዳኑን በክንድ ጉልበት አትከፍቱትም። ታንኩ ራሱ የጣናን ወለል ሳይነካ ሊጨማደድ ይችላል። የኦክሲጅን ስሌታችሁ ግን ልክ ነው። ቀድሞ የሚገድላችሁን ነገር አላሰላችሁትም እንጂ።

10 ሊትር ሲሊንደር በ150 ባር ሲሞላ 1,500 ሊትር ኦክሲጅን ይሰጣል። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው በሰዓት ከ15 እስከ 20 ሊትር ይበቃዋል፤ ጭንቀቱም እንቅስቃሴውም ታስቦ 25 መያዝ ይሻላል። ለሁለት ሰው 50፤ 1,500 ለ50 ሲካፈል 30። እስከዚህ ድረስ ትክክል ናችሁ። ነገር ግን 25 ሊትር ኦክሲጅን የሳበ ሰው 20 ሊትር ያህል የተቃጠለ አየር፣ ማለትም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይመልሳል። ሲሊንደሩ የጎደለውን ይተካል እንጂ የተጠራቀመውን አያወጣም። ክፍት አየር ላይ ይህን ንፋስ ስለሚወስደው አናስበውም፤ በተበየደ ታንክ ውስጥ ግን የሚሄድበት የለም።

በእናንተው ታንክ እንቁጠረው። ውስጡ ወደ 2 ሜትር ኩብ ነው። ሁለት ሰው 150 ሊትር፣ ባትሪው፣ ሲሊንደሩና መቀመጫው 350 ሊትር ቢወስዱ የሚቀረው አየር 1,500 ሊትር ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,788 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ 0.81 እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ በባሕር ወለል 20 ሊትር የሚሆነው የተቃጠለ አየር እዚህ 25 ሊትር ቦታ ይይዛል። ሁለታችሁ በሰዓት 50 ሊትር ትጨምራላችሁ ማለት ነው። 18 ደቂቃ ላይ 1 በመቶ፣ 54 ደቂቃ ላይ 3 በመቶ፣ ሰዓት ተኩል ላይ 5 በመቶ ይደርሳል፤ 2 ሰዓት ተኩል ሲሆን 8 በመቶ ያልፋል። ወደ 3 በመቶ ሲጠጋ ትንፋሽ ይጠልቃል፣ ግንባርን የሚጫን ራስ ምታት ይጀምራል። ወደ 5 ሲጠጋ ሰው ያለከልካል፣ ያዞረዋል፣ ፍርዱ ይዛባል፤ ቀላል ቫልቭ ወደየት እንደሚዞር ይጠፋዋል። ከ7 እስከ 10 ባለው ውስጥ ራሱን ይስታል። የደነገጠ ሰው ደግሞ የሚያስወጣው እጥፍ ሊሆን ስለሚችል ይህ ሁሉ ሰዓት በግማሽ ያጥራል።

ሻማ አብርቶ መጠበቅ የሚል ምክር አለ፤ አትስሙት። ሻማ የሚጠፋው ኦክሲጅን ወደ 16 በመቶ ሲወርድ ነው፤ ስለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚነግራችሁ ነገር የለም። ሲሊንደሩ ከተከፈተ ደግሞ እናንተ ራሳችሁን ስታችሁም እሱ ደምቆ ይበራል። በቢሮ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የአየር መለኪያም አያገለግልም፤ አብዛኛው ከግማሽ ወይም ከ1 በመቶ በላይ አይቆጥርም። ቢያንስ እስከ 5 በመቶ የሚያነብ፣ ከፍታውን የሚያስተካክል መለኪያ ያስፈልጋል።

ለምን ኦክሲጅኑ ላይ እንዳልቆምኩ ይበልጥ ግልጽ እንዲሆን፣ ሲሊንደሩን ጭራሽ አልያዛችሁም እንበል። ሰዓት ተኩል ላይ ታንኩ ውስጥ የሚቀረው ኦክሲጅን በራስ ዳሸን አናት ላይ ካለው ጋር ይመጣጠናል። ራስ ዳሸን ላይ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ራሱን ያመዋል፤ ሆኖም በእግሩ ሄዶ፣ ፎቶ ተነሥቶ ይመለሳል። በታንኩ ውስጥ በዚያው ሰዓት እጅና አእምሮ የሚያሥረው ከዚያ በላይ የተደረበው የተቃጠለ አየር ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1973 በፍሎሪዳ ኪ ዌስት አጠገብ ጆንሰን ሲ ሊንክ የተባለች ትንሽ ሰርጓጅ ወደ 110 ሜትር ጥልቀት ላይ ሆን ተብሎ በሰመጠ የጦር መርከብ ፍርስራሽ ተጠላለፈች። ውስጧ አራት ሰው ነበር፦ ሁለቱ ከፊት በወፍራም አክሪሊክ ሉል ውስጥ፣ ሁለቱ ከኋላ በአሉሚኒየም ክፍል ውስጥ። አሉሚኒየም የባሕሩን ብርድ ቶሎ ወደ ውስጥ አስገባ፤ የተቃጠለ አየር የሚመጥጠው ኬሚካል ደግሞ ሲበርድ ሥራው ይዳከማል። ከአንድ ቀን በላይ ቆይታ ስትወጣ የፊቶቹ ሁለት ሰዎች በሕይወት ነበሩ፤ የኋላዎቹ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞተዋል። ጥልቀቱም ሰዓቱም ሰርጓጇም አንድ ናቸው፤ የለያያቸው የግድግዳው ማቴሪያልና የመጣጩ ሙቀት ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ፓይሲስ 3 የተባለች ሌላ ትንሽ ሰርጓጅ ከአየርላንድ ደቡብ ምዕራብ 480 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ወደቀች። ሮጀር ማሊንሰንና ሮጀር ቻፕማን የሚባሉት ሁለት ሰዎች 76 ሰዓት ቆይተው በሕይወት ወጡ፤ ሲወጡ የቀራቸው ኦክሲጅን የ12 ደቂቃ ነበር። ያን ያህል የቆዩት የሚሠራ መጣጭ ስለነበራቸው፣ ደግሞም ሳያወሩ ሳይንቀሳቀሱ ተጋድመው ስላሳለፉት ነው።

መጣጩ ኬሚካል በእንግሊዝኛ «ሶዳ ላይም» (soda lime) ይባላል፤ በሆስፒታል የማደንዘዣ ማሽን ላይ ቆርቆሮው ውስጥ የሚታየው ነጭ ጠጠር ነው፤ በብዛት የሚገኘው ዓይነት ሲደክም ወደ ሐምራዊ ይለወጣል። 1 ኪሎው በተግባር 120 ሊትር ያህል የተቃጠለ አየር ይመጥጣል ብሎ ማሰብ ይቻላል፤ ለአንድ ሰው 6 ሰዓት መሆኑ ነው። አየሩ በጠጠሩ መካከል ካላለፈ ግን ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ ትንሽ ማራገቢያና ለብቻው የቆመ ባትሪ ያስፈልገዋል። ባትሪው ቢሞት ጠጠሩን በጨርቅ ላይ በስሱ መዘርጋት ከምንም ይሻላል። ዱቄቱ ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል፤ ውኃ ከነካው ደግሞ መምጠጡም ይበላሻል፣ የሚያቃጥል ጭቃም ይሆናል። ቤት የሚቀባው ኖራስ? ኬሚስትሪው ዘመድ ነው። የፋሲልን ግንብ ድንጋይ ለድንጋይ ያያዘው ኖራ የጠነከረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ነው፤ ግን ቀስ እያለ፣ በዓመታት ነው የሳበው። እናንተ የሚያስፈልጋችሁ በደቂቃ ነው። ከከረጢት የወጣ የኖራ ዱቄት አየር አያሳልፍም፤ ያልጠፋ ኖራ ከሆነማ በእርጥበት ይፈላል። አትሞክሩት።

ሰው የሚጭኑ ሰርጓጆችን የሚመረምሩ የምደባ ድርጅቶች ከተለመደው የሥራ ሰዓት በላይ ለ72 ሰዓት የሚበቃ የመተንፈሻ መጠባበቂያ ይጠይቃሉ። ለእናንተ ሲሰላ ወደ 24 ኪሎ መጣጭ ነው፤ ሲሶ ጨምሩበት፣ 32። ኦክሲጅኑም 3,600 ሊትር ስለሚሆን አንድ ሳይሆን ሦስት ሲሊንደር ነው።

የብየዳ ኦክሲጅኑ ሌላም ጣጣ አለው። የሲሊንደሩ አንገትና ሬጉላተሩ የቅባት ወይም የግራሶ ጠብታ ከነካው በግፊት ስትከፍቱት ሊቀጣጠል ይችላል፤ ብየዳ ቤት ውስጥ ደግሞ ግራሶ ያልነካው እጅ ማግኘት ከባድ ነው። ከፍቶ መልቀቅም አይቻልም። ኦክሲጅኑ ከ23 በመቶ ሲያልፍ ልብስ፣ ስፖንጅና የሽቦ ሽፋን እንደ ክብሪት ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. ጥር 1967 አፖሎ 1 ውስጥ ሦስት ጠፈርተኞች መሬት ላይ እንዳሉ የሞቱት ንጹሕ ኦክሲጅን በሞላበት ክፍል በተነሣ እሳት ነው። በመለኪያ እየታየ፣ በመርፌ ቫልቭ፣ በደቂቃ ግማሽ ሊትር ለአንድ ሰው፤ ከዚያ በላይ አይለቀቅም። ባትሪውም ከሰው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አይሁን። የመኪና ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ይለቃል፤ 4 በመቶ ከደረሰ አንዲት የስዊች ፍንጣሪ ትበቃዋለች።

ወደ ክዳኑ እንምጣ። ውኃ በየ10 ሜትሩ በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ላይ 1 ኪሎ ይጭናል። ሰው የሚያስገባ ክዳን ወርዱ 60 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ስፋቱ 2,800 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ 10 ሜትር ላይ የሚጫነው 2.8 ቶን መሆኑ ነው። 1 ሜትር ላይ እንኳ 280 ኪሎ ነው። ወደ ውስጥ የሚከፈት ብናደርገውስ የሚል ሐሳብ ይመጣላችኋል። ያን ጊዜ ውኃውን የያዘው መቆለፊያው ብቻ ይሆናል፤ ሲላላ 2.8 ቶኑ ከነክዳኑ ፊታችሁ ላይ ይመጣል።

ክዳኑ የሚከፈተው የውስጡና የውጭው ግፊት ሲስተካከል ብቻ ነው፤ የሚስተካከለውም ውኃ አስገብታችሁ ያለውን አየር ስታምቁት ነው። ጣና ላይ በ10 ሜትር ጥልቀት ጠቅላላ ግፊቱ ከላይኛው 2.2 እጅ ስለሚሆን ከአየሩ ቦታ ከግማሽ በላይ፣ 55 በመቶ ያህሉ፣ በውኃ መሞላት አለበት። አሁን አንባቢ ሁሉ የሚዘነጋውን ነገር ልብ በሉ፦ አየሩ ሲታመቅ በውስጡ ያለው የተቃጠለ አየርም አብሮ ይታመቃል። 3 በመቶ የነበረው 6.6 በመቶ የሆነ ያህል ደማችሁ ውስጥ ይገባል። ራሳችሁን በደንብ እያመማችሁ ውኃ ማስገባት ከጀመራችሁ ክዳኑ ከመላላቱ በፊት ራሳችሁን ልትስቱ ትችላላችሁ። ስለዚህ በዚህ መንገድ መውጣት የመጨረሻ አማራጭ ቢሆንም፣ ውሳኔው ግን ገና በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ገደማ፣ አእምሮ ሳይደክም መወሰን ያለበት ነው። ይህን እርስ በርሱ የሚጣረስ የሚመስል ነገር ያልተለማመደ ሰው በጨለማ ውስጥ አይፈታውም።

የማስገቢያ ቫልቩ መጠንም ይወስናል። በግማሽ ኢንች ቧንቧ ግፊቱ እስኪስተካከል 20 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ በ1 ኢንች 5 ደቂቃ፤ በ2 ኢንች ደቂቃ ተኩል ገደማ፣ ግን ጆሮ አይችለውም። 1 ኢንች መካከለኛው ነው። ክዳኑ ሲከፈት የቀረው አየር በአንድ ጊዜ ተንቦልቡሎ ይወጣል፤ ያኔ ሁለተኛው ሰው የሚተነፍሰው ከያዘው ትንሽ የመጥለቂያ ሲሊንደር እንጂ ከታንኩ አይሆንም። ወደ ላይ ስትወጡ ሳንባችሁ የያዘው የታመቀ አየር 2.2 እጅ ይሰፋል፤ በባሕር ወለል ቢሆን 2 እጅ ነበር፤ ደጋ መሆኑ አባሰው እንጂ አላቀለለውም። ትንፋሽን ይዞ መውጣት ሳንባን ይቀድዳል፤ ለዚህ አንድ ሜትር ከምናምን ልዩነት እንኳ በቂ ነው። እስከ ላይ ድረስ አፍን ከፍቶ ያለማቋረጥ መተንፈስ፣ ወደ ውጭ ብቻ። ዋና የሚችል ሰው የለመደው ተቃራኒውን፣ ትንፋሽ መያዝን ነው። ግፊት ውስጥ ረጅም ጊዜ የቆየ ሰው ደግሞ ወዲያው መኪና ላይ ጭናችሁ ወደ ጎንደር አታውጡት፤ መንገዱ ወደ ላይ ነው፤ ከፍታው ደም ውስጥ የቀረውን ናይትሮጅን አረፋ ያደርገዋል።

ስለ ታይታን ያላችሁት ግማሽ እውነት አለው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 18 ቀን 2023 የሞቱት አምስት ሰዎች አየር አልቆባቸው አይደለም፤ የካርቦን ፋይበሩ አካል በጥልቁ ውኃ ግፊት በቅጽበት ተጨፍልቆ ነው። ዓለም የቆጠረው የ96 ሰዓት ኦክሲጅን ለምንም አልጠቀመም። ጣና ውስጥ ያን የሚያህል ግፊት የለም። ግን መጨፍለቅ የግፊቱ ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ የግድግዳው ቀጭንነት ጭምር ነው፤ የእናንተ ታንክ ደግሞ ቀጭን ነው።

የነዳጅ ታንክ የተሠራው ከውስጥ ወደ ውጭ ለሚገፋ ነገር ነው። ከውጭ ሲገፋ ብረቱ ሳይበጠስ ይታጠፋል፤ የሚወስነውም የብረቱ ጥንካሬ ሳይሆን ውፍረቱ ለወርዱ ያለው ድርሻና ድጋፍ የሌለው ርዝመቱ ነው። 3 ሚሊ ሜትር ላሜራ በ1 ሜትር ወርድና በ2 ሜትር ተኩል ርዝመት፣ ፍጹም ክብ ቢሆን፣ በስሌት የሚታጠፈው 10 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ፍጹም ክብ ታንክ ግን የለም። ትንሽ ጉብጠት፣ የብየዳ ሙቀት ያጣመመው ጎን፣ ጭነት ላይ የተመታ ቦታ ካለው በግማሽ ይቀንሳል፤ 5 ሜትር። ዝገቱ 1 ሚሊ ሜትር በልቶ 2 ካስቀረው፣ ፍጹም ክብ ቢሆን እንኳ 4 ሜትር አይሞላም። ተጨማሪ ላሜራ ከመደረብ ይልቅ በየ50 ሴንቲ ሜትሩ የብረት ቀለበት መበየድ የስሌቱን አቅም ወደ አምስት እጅ ያሳድገዋል። ጫፎቹ ጠፍጣፋ ከሆኑ ግን ድክመቱ ወደ እነሱ ይዞራል፤ ጎድጎድ ያለ ክብ ጫፍ መሆን አለባቸው። ነዳጅ የነበረበትን ታንክ ከመበየዳችሁ በፊት አጥባችሁ፣ ብየዳው ያለበት ጥግ ብቻ ሲቀር ውኃ ሙሉት፤ ባዶ የሚመስል የነዳጅ ታንክ የበያጅ ገዳይ ነው።

ብየዳ ቤቱ በኮምፕሬሰር አየር ሞልቶ፣ ሳሙና ቀብቶ «አያስተነፍስም» ቢላችሁ፣ ያ ፈተና የሚያሳየው ቀዳዳ አለመኖሩን ብቻ ነው። ግፊቱን የፈተነው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። ትክክለኛው ፈተና ባዶውን ታንክ በክብደትና በገመድ፣ ሰው ሊወርድበት ከታሰበው አንድ ተኩል እጅ ወደሚሆን ጥልቀት አውርዶ፣ ሰዓት አቆይቶ፣ አውጥቶ ክብነቱን በየቦታው መለካት ነው። ጣና 14 ሜትር ገደማ ብቻ ስላለው እዚያ የተፈተነ ታንክ ከ9 ሜትር በላይ ሊፈቀድለት አይችልም። በነገራችን ላይ ይህን ፈተና በአንገረብ ግድብ ለማድረግ የሚያስብ ካለ፣ ያ የከተማው የመጠጥ ውኃ ነው። የፋሲል መዋኛም ለጥምቀት እንጂ ለታንክ አልተሠራም።

ስለ ክብደት በጥያቄያችሁ ምንም አላላችሁም። 2 ሜትር ኩብ ነገር ለማስመጥ 2,000 ኪሎ ይፈልጋል። ታንኩ ራሱ 220 ኪሎ ያህል ነው፤ ሰውና ዕቃ 350 ቢጨምር 1.4 ቶን ይጎድላል። ያን ብረት ከላይ ካደረጋችሁት ይገለብጣችኋል፤ ከሆዱ በታች ይሁን። ከእሱም ቢያንስ 200 ኪሎው ያለ ኤሌክትሪክ፣ ከውስጥ በእጅ በሚዞር ብሎን የሚወድቅ ይሁን። 200 ኪሎ ብዙ ይመስላል። 10 ሜትር ላይ 1 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር የሆነች ቀዳዳ ግን በደቂቃ 50 ሊትር፣ ማለትም ሁለት ጀሪካን ተኩል ታስገባለች፤ በ4 ደቂቃ 200 ኪሎውን ትበላዋለች።

መያዝ ራሱ ጣና ላይ ከየት እንደሚመጣ አስቡ። አንደኛው መረብ ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2005 የሩሲያዋ ትንሽ ሰርጓጅ ኤኤስ-28 በካምቻትካ ባሕር 190 ሜትር ላይ ሰባት ሰው ይዛ ሦስት ቀን የታሠረችው በዓሣ መረብና በገመድ ነው፤ የፈታት መረቡን የቆረጠው የእንግሊዞች ሰው አልባ ሮቦት ነው። የጣና ዓሣ አስጋሪ የናይለን መረብ በጨለማ ውኃ አይታይም፤ አንዴ ፕሮፔለሩን ከያዘ በተሽከረከረ ቁጥር ይጠብቃል። እምቦጩም በ2011 እ.ኤ.አ. መታየት ከጀመረ ወዲህ በሰሜኑ ዳርቻ፣ በመገጭ መግቢያ አካባቢ እየተንሳፈፈ መጥቶ በላያችሁ ሊዘጋ ይችላል፤ መውጫችሁንም የጀልባውንም ሞተር ይይዛል። ሁለተኛው ጭቃ ነው። መገጭ፣ ርብና ጉማራ ያመጡት ደለል ለስላሳ ነው፤ የተቀመጠበትን ይመጥጣል፤ ሞተር ሲገፋ ይበልጥ ይቀብራል። ሦስተኛው፣ ማንም የማይጠረጥረው፣ ላይኛው ገጽ ነው። ትንሽ ሰርጓጅ ክዳኗ ከውኃው በላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ክዳን ተከፍቶ የሚመጣ ማዕበል ይሞላታል። ታዋቂዋ የአሜሪካ የምርምር ሰርጓጅ አልቪን እ.ኤ.አ. በ1968 የሰመጠችው እንዲህ ነው፦ ስትወርድ የተሸከማት ገመድ ተበጠሰ፣ በተከፈተው ክዳን ውኃ ገባ፤ ሦስቱ ሰዎች ዘለው ወጡ፣ እሷ 1,500 ሜትር ወረደች። በዓመቱ ስትወጣ ምሳቸው ሳይበላሽ ተገኘ ይባላል፤ እውነትም ነው። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሣ ክዳን መክፈት የለም።

ከተያዛችሁ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ሞተር ይጥፋ፤ ሰዓቱ ይጻፍ። የመጣጩ ማራገቢያ መሥራቱ ይታይ፤ መለኪያው ይነበብ፤ በየ10 ደቂቃው ይጻፍ። ለላይ ሰዎች በሽቦ ስልክ ይነገር፤ ሞባይልም ሆነ ሬዲዮ በውኃ ውስጥ አያልፍም፤ ስልኩ ከተበጠሰ ግድግዳውን በመዶሻ መምታት። ጭቃ ከሆነ ሁለታችሁም ቀስ ብላችሁ ከጎን ወደ ጎን ክብደታችሁን አዛውሩ፤ ከዚያ ክብደቱን ጣሉ። መረብ ከሆነ ግን ክብደቱን ከመጣላችሁ በፊት ላይ ያሉት ጠላቂዎች ይወቁ፤ ግማሽ የታሠረ ታንክ ተነሥቶ ሊገለበጥ ይችላል። ከዚያ መጋደም፣ መብራት ማጥፋት፣ ዝም ማለት። 2 በመቶ ሲደርስ ላይ ያሉት የማንሳት ሥራ ካልጀመሩ በውኃ አስገብቶ የመውጣቱ ውሳኔ ይወሰን።

ላይ ማን አለ? ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው። ፓይሲስ 3ን ለማውጣት መርከቦች ከሩቅ ለመድረስ ሦስት ቀን ነበራቸው፤ እናንተ ሁለት ሰዓት የላችሁም። ስለዚህ አዳኙ ከመውረዳችሁ በፊት እዚያው መኖር አለበት፦ ከታንኩ ጋር ሁልጊዜ የታሰረ የማንሻ ገመድ፣ በላዩ ተንሳፋፊ ምልክት፣ ሲሊንደር ለብሰው የሚጠብቁ ሁለት የሠለጠኑ ጠላቂዎች ከመረብ መቁረጫ ቢላ ጋር፣ ሙሉውን የሚያነሳ ዊንች ያለው ጀልባ። ዊንች ከሌለ ባለ 200 ሊትር በርሜሎች በውኃ ሞልተው ይታሰሩና ከኮምፕሬሰር አየር ይገባባቸዋል፤ እያንዳንዱ ወደ 180 ኪሎ ያነሳል። የሚጎትተው ታንኩ ላይ የተበየደ ጆሮ ደግሞ 2 ቶን ብቻ ሳይሆን የገባውን ውኃም እንዲችል ሆኖ ይሠራ።

ምክሬ ግልጽ ነው፦ በዚህ ታንክ ውስጥ ሰው አይግባ። ጎብኚ ማስገባት ደግሞ ጭራሽ የማይታሰብ ነው፤ ያለ ምደባ ድርጅት ምርመራና ያለ ማሪታይም ባለሥልጣን ፈቃድ የሰው ልጅ ጭኖ ማጥለቅ ሙከራ ሊባል አይችልም። ለጎብኚውም ቢሆን በመስኮቱ የሚታየው ቡናማ ውኃ ነው፤ በክረምት የጣና ውኃ ከእጅ ርዝመት በላይ ብዙ አያሳይም።

የሐይቁን ወለል ማየት ከሆነ ፍላጎታችሁ፣ ባለ ገመድ ሰው አልባ ካሜራ ሥሩ። ከፕላስቲክ ቧንቧ ፍሬም፣ ጀልባ ውኃ የሚደፋበት ባለ 12 ቮልት ፓምፕ ሞተር አራት፣ ሁለቱ ለፊትና ለመዞር ሁለቱ ለመውረድና ለመውጣት፣ በወፍራም ቧንቧና በአክሪሊክ ክዳን የታሸገ ካሜራ፣ 40 ሜትር ገመድ፣ ባትሪው ጀልባው ላይ። በስፖንጅ ሳይሆን ውኃ በማይመጥ ፎም አመጣጥኑት፤ ለቀቅ ሲደረግ በዝግታ ወደ ላይ የሚነሣ ይሁን። መብራቱን ከካሜራው 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን አርቁት፤ ከጎኑ ካደረጋችሁት ደለሉ ብርሃኑን መልሶ ዓይኑን ያሳውረዋል። ዓሣ አስጋሪዎች የሚጠቀሙበትን የድምፅ ጥልቀት መለኪያ ጀልባው ላይ ጨምሩ፤ በደፈረሰ ውኃ ከካሜራው የበለጠ እሱ ያሳያችኋል። ታንኩን ደግሞ ቀለበት በይዱለትና ባዶውን 14 ሜትር አውርዳችሁ ፈትኑት፤ በካሜራችሁ ከውጭ እየተመለከታችሁት ቢታጠፍ የሚጠፋው ላሜራ ብቻ ነው።